የዛፉ ቦታ፣ የሣሩ ቦታ

ክረምት በገባ ቁጥር ይህች አገር ጉድጓድ ትቆፍራለች። መሥሪያ ቤቱ ይቆፍራል፤ ትምህርት ቤቱ ይቆፍራል፤ ዕድሩ ይቆፍራል፤ እኛም ተማሪዎቹ ከፈተና ማግስት ዶማና አካፋ ተሸክመን እንሰለፋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በራዲዮ ሲነገር ከመካከላችን አብዛኞቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። እኛም የድርሻችንን ተክለናል። ከዚያ ወዲህ በሻይ ቤት በተገናኘን ቁጥር ስለ ቁጥሩ ስንከራከር ኖረናል፤ አንዱ "እውነት ነው" ይላል፣ ሌላው "ማን ቆጠረው?" ይላል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ቁጥር አይደለም። "ስንት ተከላችሁ?" የሚለው ጥያቄ በየአደባባዩ ጠያቂ አላጣም። እኛ በዚህች ትንሽ መጽሔት ላይ "የት ተከላችሁ? ለማንስ ተከላችሁ?" የሚለውን ልናነሣ እንወዳለን። ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣልንም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ መንዝ ላይ፣ ከ3,000 ችግኝ ጋር ቆመን ሳለ ነው የመጣብን።

ስድስት ነን። ሁለታችን ታሪክ፣ ሁለታችን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ አንዳችን ፍልስፍና፣ አንዳችን ደግሞ የቋንቋ ጥናት ተማሪዎች። "ታዲያ ከዛፍ ጋር ምን አገናኛችሁ?" የሚለን አይጠፋም። ስለ ቅጠሉና ስለ ሥሩ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ከእኛ አብልጠው ያውቃሉ፤ አንሻማቸውም። ዳሩ ግን ዛፍ በአገራችን የሥነ ሕይወት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የመሬት ጉዳይ ነው፤ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምድጃ ጉዳይ ነው። ይኼ ሁሉ እኮ የእኛ ትምህርት ነው።

እስቲ ወደኋላ እንመልከት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ጥድ አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። ዛሬ የመናገሻ ሱባ ደን የምንለው ይኸው ነው። ንጉሡ ያን ጊዜ ያሰቡት ስለ ድኩላ አልነበረ ይሆናል። ነገር ግን ጥዱ አደገ፤ ከሥሩ ጥላ ሆነ፤ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ በአገራችን ደጋ ብቻ የሚኖረው ጥቁር ድኩላ፣ እዚያ ጥላ ሥር መጠጊያ አገኘ። ጉሬዛውም ቅርንጫፉን ያዘ። ከአንድ ደን የሄደ ዘር ሌላ ደን ወለደ፣ ደኑም የራሱን እንስሳ አኖረ ማለት ነው። አገር በቀል ዛፍ አገር በቀል እንስሳ ያስጠጋል የሚለውን ነገር የሚያስረዳ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ለአዲስ አበባ ልጅ የለም።

ከዚያ ደግሞ የዐፄ ምኒልክ ዘመን ይመጣል። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ፣ ከተማዋን ለቅቆ ወደ አዲስ ዓለም ስለ መሄድ እስከ መመከር ተደርሶ ነበር። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ መጣና ከተማዋን ከስደት አዳናት። ባሕር ዛፍን ስንረግም ይህችን ውለታ መርሳት የለብንም፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሦስተኛው ምዕራፍ መራራ ነው። ከ1977ቱ ረኃብ ጋር ተያይዞ በደርግ ዘመን ገበሬው በምግብ ለሥራ ተራራ እየወጣ ብዙ ችግኝ ተከለ። እርከኑም ተሠራ፣ ጥበቃም ተመደበ። በ1983 መንግሥቱ ሲወድቅ ግን በብዙ ቦታ ያ ዛፍ በሳምንታት ውስጥ በመጥረቢያ አለቀ። ገበሬው ዛፍ ጠልቶ ነበር? አይደለም። በጓሮው ያለውን አልቆረጠም፤ በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውንም አልነካም። የቆረጠው "የመንግሥት ነው" የተባለውን ነበር። መንግሥት ሲሄድ የመንግሥት ዛፍም አብሮ ሄደ። ስለዚህ የዛፍ ዕድሜ በጉድጓዱ ጥልቀት ብቻ አይለካም፤ ዛፉ የማን ነው በሚለውም ይለካል።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ ፈተናም ወድቆብን መልሰነዋል። መንዝ ስንደርስ ግን ጥያቄው ከነጭቃው ቀረበልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስታችን አንዱ የመንዝ ልጅ ነው። የእናቱ ወንድም የሚኖሩበት መንደር ከጓሳ ሜዳ ጠርዝ ላይ ነው። ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ የውርጭ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል። በዚያ ሣር ውስጥ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፤ ጥቂቱ ደግሞ እዚህ መንዝ።

ችግኙን የሰጠን አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን አንጠራም፤ መጥራቱም አይጠቅምም። 3,000 ችግኝ፣ ሁሉም አገር በቀል፣ ከነማጓጓዣው፤ ለእኛም የትራንስፖርትና የስንቅ አበል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዓላማ "የብርቅዬ የዱር እንስሳትን መኖሪያ መልሶ ማልማት" ይላል። ጨርቁም ተዘጋጅቶ ተሰጠን፤ በትልልቅ ፊደል "ለቀይ ቀበሮ ዛፍ እንትከል!" ይላል። ቦታ በሚለው መስመር ላይ ደግሞ "ጓሳ ሜዳ" ተብሎ ተሞልቷል።

የመንዙ ጓደኛችን ወረቀቱን አንብቦ ገና አውቶቡስ ተራ ላይ ሳለን ሳቀ። "ቀበሮው ዛፍ ምን ያደርግለታል?" አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። "እዚያ ስትደርሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል" አለን።

ነገሩን የነገሩን በመንደሩ ሸንጎ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ባና ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ጨርቁን እንድናነብላቸው ጠየቁን። አነበብንላቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ከሩቅ መጥታችኋል" አሉ። "ግን ቀበሮው የሚበላው አይጥ ነው። አይጡ የሚኖረው በሣር ነው። ዛፍ ሲበቅልበት ሣሩ ይሳሳል፤ ሣሩ ሲሳሳ አይጡ ይሸሻል፤ አይጡ ሲሸሽ ቀበሮው ማንን ይብላ? በጎቻችንን? እናንተ ተክላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኛ ከቀበሮው ጋር ልንጣላ ነው።"

ኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመልሰን ስናገላብጥ የሊቃውንቱ ነገርም ከሽማግሌው ጋር አንድ ሆኖ አገኘነው። ቀይ ቀበሮ የሜዳ እንስሳ ነው፤ በቡድን ይኖራል፣ አደኑን ግን ብቻውን፣ በቀን ብርሃን፣ በገላጣ ቦታ ያካሂዳል። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ምርምር ደግሞ ደስ የሚል ነገር ይነግረናል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከመቶ 25 ብቻ። ጭላዳው ሣር ይነጫል፣ ቀበሮው አጠገቡ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ የጭላዳውን ግልገል አይነካም፣ ጭላዳውም አይሸሸውም። ይህ ጉርብትና የሚቻለው ሁለቱም በሣር ሜዳ ላይ ስለሆኑ ነው። ሜዳው ላይ ደን አብቅሉበት፣ ጉርብትናው ይፈርሳል።

ይህን ስንል ዛፍ ለዱር እንስሳ አይጠቅምም ማለታችን እንዳይመስል። ባሌ ብንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። በ1910 እ.ኤ.አ. ገና ለሳይንስ ዓለም ስሙ የተሰጠው የደጋ አጋዘን ከአገራችን በቀር በየትም የለም፤ እሱ ታዲያ መደበቂያውና መጠለያው የኮሶና የጥድ ደን ነው። ዲንሾ ላይ ባለው የፓርኩ ደን ውስጥ በዛፉ ሥር ሲሄድ ይታያል። ለእሱ ኮሶ መትከል ቤት መሥራት ነው። ለመናገሻው ድኩላም እንዲሁ። የአንዱ ቤት የሌላው እስር ቤት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። "የዱር እንስሳት መኖሪያ" ብሎ አንድ ወጥ ስም የሰጠው ወረቀቱ እንጂ እንስሶቹ አይደሉም።

የጓሳ ሰዎች ይህን ለማወቅ ወረቀት አልጠበቁም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሜዳውን በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሥርዓቱ "ቄሮ" ይባላል። (ቃሉ ዛሬ በሌላ ትርጉም ስለሚታወቅ አንባቢ እንዳይደናገር፤ የቋንቋ ተማሪው ጓደኛችን ይህን ሳልጽፍ አላድርም ብሎናል።) መሬቱ የጌራና የአስቦ አባቶች ልጆች ነበር፤ ድንበሩንም በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። እያንዳንዱ ወገን ተቃዋሚ የሌለው አንድ ሰው መርጦ "አባ ቄራ" ይለዋል። አባ ቄራው ሜዳውን ይዘጋል። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ሣር አያጭድ፣ ከብት አያስገባ። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋው አጋማሽ፣ የሚከፈትበት ቀን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከአጨዳው ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ እንደገና ይዘጋል። ለጥበቃ ያልወጣ ይቀጣ ነበር፤ "በስርቆት ጓሳ የተከደነ ቤት ይቃጠል ነበር" ብለው ነግረውናል ሽማግሌው፤ ሲነግሩንም ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ናፍቆት ነበረበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስቱ ሥርዓት ቀረ፤ ከርስቱ ጋር አባ ቄራውም ሥልጣኑን አጣ። ከታሪክ ተማሪዎቻችን አንዷ እዚህ ላይ ቆም በሉ ትለናለች። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ነበር፤ ይህን የሚክድ ታሪክ አያውቅም። ቄሮም ቢሆን የባለርስቶች ሥርዓት ነበር፤ ርስት የሌለው ሰው ከሜዳው ድርሻ አልነበረውም። ሁለቱም እውነት ነው። ሆኖም ከአዋጁ በኋላ ሜዳው "የሁሉም" ሲባል ለጥቂት ጊዜ የማንም ሆኖ ሣሩ ተጎዳ፣ እርሻውም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ሕዝቡ ኋላ ተሰባስቦ ኮሚቴ አቆመ፤ ከየቀበሌው ተወካይ እየመረጠ ሜዳውን እንደ ቀድሞው መክፈትና መዝጋት ያዘ። የዛሬው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ የዚህ ልጅ ነው። ያ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ ከተባለ በፈረንጅ ፕሮጀክት ብቻ አይደለም፤ ሣሩን የሚፈልግ ሰው ሣሩን ስለጠበቀ ነው።

እንግዲህ 3,000 ችግኝ ይዘን በዚህ መሀል ቆመናል። ያን ማታ በጓደኛችን አጎት ቤት፣ የኩበት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ስድስታችን ተከራከርን። ክርክሩ ጨዋታ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በማግስቱ መኪና ይዞ ሊመጣ ነው፤ ችግኙ ሜዳው ላይ ተተክሎ፣ ጨርቁ ተዘርግቶ ፎቶ ካልተነሣ አበሉ አይከፈልም። ከስድስታችን አራታችን የመመለሻ ብር በኪሳችን አልነበረም።

ፍልስፍና የሚማረው ጓደኛችን የመሀል መንገድ አቀረበ። "ሃምሳ ችግኝ ሜዳው ላይ እንትከል፤ ፎቶው ይነሣ፤ ሰውየው ሲሄድ እንነቅለዋለን። ማን ይጎዳል?" አለ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ ደግሞ "ሽማግሌው እያዩ?" አለች። እሱም "ሽማግሌው ድህነትን ያውቃሉ፤ ይረዱናል" ሲል መለሰ። እሷም "ይረዱን ይሆናል፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚመጡትን ተማሪዎች ግን አያምኗቸውም" አለችው። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ ሲያዳምጡን የቆዩት፣ ሳይጠየቁ ገቡበት።

"ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ቀበሮ ታወራላችሁ" አሉ። "እኔ ስለ ምድጃዬ ልናገር። ይኼ የምታዩት ኩበት ነው። ኩበቱ እርሻ ላይ ቢበተን ገብሱ ይሰጥ ነበር፤ ግን ማገዶ የለም። ኩበቱ ሲያልቅ ወደ ጓሳ እንወጣለን፤ ቁጥቋጦውን እንነቅላለን። ጠባቂ ይይዘናል፤ እንቀጣለን፤ እንደገና እንወጣለን። ምን እናድርግ? ዛፉን እዚህ፣ ደጄ ላይ ትከሉልኝ። ያን ጊዜ ጓሳ አልወጣም። ቀበሮአችሁም በሰላም ይኖራል።"

ዝም አልን። ሴትዮዋ በአራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወረቀቱን አስተካክለውታል። ዛፉ ለቀበሮው የሚጠቅመው ቀበሮው ካለበት ርቆ ሲተከል ነው፤ በመንደሩ ጓሮ፣ በቦረቦሩ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር። ሣሩ ለቀበሮ፣ ዛፉ ለምድጃ።

በማግስቱ መኪናው መጣ። ለሰውየው ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በትሕትና ነገሩት፤ "የኔ ጌታ፣ ጓሳ ላይ ዛፍ አንተክልም፤ አባቶቻችንም አልተከሉ፤ እዚህ ግን ስንት ቦታ አለን" አሉት። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም የታዘዘ ነው። "ወረቀቱ ጓሳ ነው የሚለው" ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ጨርቁን አጥፎ ችግኙን አራግፎ ሄደ። አበሉም አብሮት ሄደ። ችግኙ ሲራገፍ ሌላ ነገር አየን፤ "ሁሉም አገር በቀል" ከተባለው 3,000 ውስጥ 1,000ው ባሕር ዛፍ ነው። 1,200 ጥድ፣ 500 ኮሶ፣ 300 ወይራ፣ ቀሪው ባሕር ዛፍ።

ከእኛ መሀል ባሕር ዛፉን እንጣለው ያለ ነበር። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም፣ ወፍ እንኳ በቅጡ አያሳድርም። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ግን የማታዋ እመቤት ነገር በጆሮአችን አለ። ኮሶ ለማገዶ እስኪደርስ ልጅ አድጎ ይዳራል። ጥድም እንዲሁ ቀርፋፋ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይቆረጣል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እዚህ ላይ የምኒልክ ዘመን ውለታ መልሳ መጣች። አዲስ አበባን ከመሰደድ ያዳነ ዛፍ የመንዝን እናት ጓሳ ከመውጣት ቢያድናትስ? ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተመካክረን እንዲህ ተደረገ፦ ባሕር ዛፉ ከምንጭና ከእርሻ በራቀው ድንጋያማ ጥግ ላይ፣ ለየቤቱ ተከፋፍሎ፤ ጥዱና ኮሶው በጓሮ አጥር፣ በቦረቦሩ ጫፍና በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፤ ወይራው ከውርጭ የሚከለለው ዝቅ ባለው ስፍራ። እያንዳንዱ ችግኝ ባለቤት ተሰጠው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተተከለው ለደብሩ፣ የቦረቦሩ ለጎረቤቱ እርሻ ባለቤት፣ የጓሮው ለእመቤቲቱ።

ለምን በባለቤት? የ1983ን ትምህርት አስታውሱ። ሰሜን ሸዋ በኅዳር 2014 ጦርነት ደርሶበት ነበር፤ እኛ የሄድነው ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። ከሰው ጋር ስንነጋገር በአንደበቱ ሁሉ "ነገ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል" የምትል ነገር አለች። ነገ የማይታወቅ ከሆነ የማንም ያልሆነ ዛፍ የመጀመሪያው ማገዶ ነው። የእገሌ ነው የተባለ ዛፍ ግን ቢያንስ የሚጮህለት አለው።

ዘጠኝ ቀን ተከልን። ዝናቡ በጠዋት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ በረዶ ይቀላቅላል፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የመንደሩ ልጆች ከእኛ በሦስት እጥፍ ይፈጥናሉ። ምሳችን ገብስ ቆሎ፣ ራታችን የገብስ እንጀራ በሽሮ። ለመመለሻ የጓደኛችን አጎት አንድ በግ ሸጠው ብር ሰጡን፤ "ብድር ነው እንጂ ስጦታ አይደለም" አሉን፣ እንዳናፍር። መስከረም ላይ ተዋጥተን መለስንላቸው።

በጥር 2015 ሁለታችን ተመልሰን ቆጠርን። ቁጥር አይደለም ጉዳያችን ብለን ነበር፤ ግን ያለ ቁጥር ማመን የማይችሉ ወዳጆች ስላሉን እነሆ፦ ከ1,200ው ጥድ 790 ቆሟል። ከ500ው ኮሶ 310። ከ300ው ወይራ 90 ብቻ፤ ውርጩ በላው። ከ2,000 አገር በቀል ችግኝ 1,190 ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ያስገረመን ሌላ ነው። በጓሮና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካለው የሞተው ጥቂት ነው፤ የሞተው ባብዛኛው በቦረቦሩ ጫፍ፣ ሁለት ጎረቤታሞች "የአንተ ነው፣ የአንተ ነው" ሲባባሉ ማንም ያላጠረው ነው። እመቤቲቱ ኮሶዎቻቸውን አንድ በአንድ በእሾህ አጥረው፣ ማታ ማታ ውርጭ እንዳይመታቸው ገለባ ያለብሷቸዋል። "ልጅ ነው የሚመስለው" አሉን፣ እየሳቁ።

ወደ ጓሳ ሜዳም ወጣን። ጭላዳው መንጋ በጠዋት ፀሐይ ሣር ይነጫል። ከመንጋው ዳር፣ ቀይ፣ ቀጭን፣ አፍንጫው ሹል የሆነ አንድ እንስሳ ጆሮውን አቁሞ መሬት መሬቱን ያያል። ጓደኛችን እጁን አንስቶ አሳየን። ሜዳው ላይ አንድም ዛፍ አልነበረም። እስከ ዓይናችን መድረሻ ሣር ብቻ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ልናስተምር አልተነሣንም፤ ግን በሚቀጥለው ክረምት ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ችግኝ ትሸከማላችሁና የደረስንበትን እንናገር። አንደኛ፣ ችግኝ ከመቀበላችሁ በፊት እዚያ ቦታ የሚኖረው እንስሳ ምን እንደሚበላና የት እንደሚያድር ጠይቁ። ድኩላ ከሆነ ጥድ ትከሉለት፤ አጋዘን ከሆነ ኮሶ ትከሉለት፤ ቀይ ቀበሮ ከሆነ ሜዳውን ተዉለት። ሁለተኛ፣ እንስሳውን የሚያሳድደው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያሳድደው የማገዶ እጦት ነው፤ ማገዶውን በመንደር ብታበቅሉ መኖሪያውን በሜዳ አዳናችሁ። ሦስተኛ፣ ዛፉን ለሰው ስጡት፤ "ለሕዝብ" ብላችሁ አትተዉት፤ ሕዝብ የሚባል ሰው ውኃ ሲያጠጣ አላየንም።

ይህን ስንጽፍ ከመካከላችን ያልተስማማ አለ። ፍልስፍና ተማሪው ጓደኛችን "ለሰው ስጡት ማለት ርስትን መመለስ ነው፤ ድሃው ጓሮ የሌለው የት ይተክላል?" ብሎ ይሞግታል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚያች መንደር መሬት የሌላቸው ወጣቶች አሉ፤ ከእኛ ጋር ዘጠኝ ቀን ሲቆፍሩ ከርመው አንድም ችግኝ በስማቸው አልተጻፈም። የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ የሁሉም ነው ብለን ልንጽናና እንችላለን፤ እሱ ግን በዚህ አልተጽናናም። ክርክሩ አላለቀም። የሚያስታርቅ ሐሳብ ያላችሁ፣ ወይም እንደ እሱ የምትቃወሙን፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። ቄሮም ሆነ የ1967ቱ አዋጅ ይህን ጥያቄ አልመለሱትም፤ እኛም ዕድሜያችን ገና ሃያዎቹን የጀመረ ልጆች በአንድ ክረምት እንመልሰዋለን አንልም። እስከዚያው ግን ኮሶዎቹ እያደጉ ነው፤ እመቤቲቱም እያለበሷቸው።